የእኛ ሁለት ነጥብ

ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ በአባቴ አልጋና በመጻሕፍት ሣጥናቸው መካከል ተቀምጬ፣ በአንዲት ላፕቶፕ ላይ ሦስት ድረ ገጾች እሠራ ነበር። ሁሉም ከአንድ ሰርቨር ነው የሚነሡት። አንዱ የሆቴል ነው፣ ሌላው የኮሌጅ መመዝገቢያ። ሦስተኛው አባቴ የሚያገለግሉበት የጣና ገዳም የብራና ዝርዝር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ቅኔ ቤቱን ጥዬ ስለወጣሁ የገዳሙን ሥራ እንደ ንስሐ ጭነውብኛል።

ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የሆቴሉንና የኮሌጁን ሥራ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በኢንተርኔት ማሳየት ነበረብኝ። ከወደዱት ይቀጥሩኛል፤ ከዚህ ክፍል እወጣለሁ። ለአባቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

የሆቴሉን አድራሻ ስጽፍ ገዳሙ ይከፈታል። የኮሌጁን ስጽፍም ገዳሙ! ሰርቨሩን ባጠፋው፣ ባስነሣው፣ ያው ብራና ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ሰርቨር የተጠራውን ስም ካላወቀ፣ መጀመሪያ የተመዘገበለትን ገጽ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የመዘገብኩት ደግሞ የአባቴን ነው። ሌሎቹን ለምን እንደማያውቃቸው ግን ሊገባኝ አልቻለም። ሰባት ሰዓት አለፈ። ቤቱ ጠበበኝ፤ እውነቱን ለመናገር አባቴንም ጠላኋቸው።

«ምን ሆነህ ነው ምትነጫነጨው?» አሉኝ።

«ይተዉኝ አባዬ! የእርስዎ ገዳም አላስወጣ አለኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ፈረንጅኛ አያነቡም። ሦስቱ ገጾች የተመዘገቡበትን ጽሑፍ ግን በጣታቸው መስመር በመስመር ተከተሉት።

«የላይኛው ሁለት ነጥብ የፈረንጅ ነው» አሉ። «ታች ያሉት ግን የእኛ ናቸው። ስንት ብራና አረምሁ፤ ነጥብ አይጠፋኝም።»

ደነገጥኩ። ጠዋት የገዳሙን መግለጫ ስጽፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙሬው ነበር። ሳልመልሰው ነው የሆቴሉንና የኮሌጁን መስመር የነካካሁት፤ ቁጥርና ነጥብ ብቻ ስለሆነ አልነቃሁም። ሰርቨሩ ደግሞ የእኛን ሁለት ነጥብ ስለማያነብ፣ ሁለቱን ስሞች ሳይመዘግብ አልፏቸዋል። ነጥቦቹን ቀየርኳቸው። ሆቴሉ ተከፈተ፤ ኮሌጁም።

«የገዳሙስ? ጠፋ?»

«አለ አባዬ። በስሙ ሲጠሩት ይመጣል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው አንተም አዲስ አበባ ስትገባ፣ በስምህ ስጠራህ ና» አሉኝ። ለካ በዚች ክፍል ውስጥ በስልክ ያወራሁትን ሁሉ ሰምተውታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ከድርጅቱ ነው። ከማንሣቴ በፊት ዞሬ አባቴን አየኋቸው።