ዝምተኛው ብረት

የንፋስ መውጫው ሬዲዮ ጠጋኝ አስማረ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሊገጣጥም ዕቃ ሲገዛ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚግለውን ቺፕ ማቀዝቀዣ ምረጥ ተባለ፤ ወይ ትንሽ ፋን፣ ወይ ሙቀት የሚስብ ዝምተኛ ብረት።

«ፋኑ ይሻልሃል፤ ብቻ ዝዝዝ ይላል» አለው ሻጩ።

«በል ብረቱን ስጠኝ።»

የእኔ የጎረቤቱ ምላስ መች ያርፋል፤ «ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ማን ንፋስ ይገዛል ብሎ ነው» እያልኩ ሰፈሩን አሳቅሁበት።

አንድ ቀን ቤቱ ብገባ፣ ቤሩት የሄደችው ሚስቱ ደጊቱ በሲዲ ቀድታ የላከችውን ድምፅ በዚያው ኮምፒውተር ከፍቷል። «አስምዬ፣ ደህና ነህ ወይ?» አለችና ዝም አለች።

«ምነው፣ አለቀ እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ ደሞ፣ እስቲ ዝም በይ። ትተነፍሳለች።»

ጆሮዬን ጠጋ ባደርግ፣ እውነትም ትተነፍሳለች። ሲያልቅ እንደገና ከፈተው።