«የእናንተው ነው»

በአንድ የአክብሮት ቃል የእናቴን የመጨረሻ ዕይታ ከሰርኩ። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሠርቼ እተካው ነበር።

ሥዕሉን የሳለው ሟቹ ታናሽ ወንድሜ ነው። ተማሪ ሳለ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ባለው ቤታችን ደጃፍ እናታችንን አስቀምጦ ሳላት። እሷ ስታየው «ምነው፣ ጠላትህ ነኝ እንዴ? አሮጊት አደረግኸኝ! ከፊቴ አንሱልኝ» አለች። እኔም የካ አባዶ ወዳለው የቧንቧ ዕቃ ሱቄ ወስጄ ሰቀልኩት።

ወንድሜ ካረፈ በኋላ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ክምችት ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዎችን ሥራ ለኤግዚቢሽን ስታሰባስብ ሱቄ መጣች። ሥዕሉ ፊት ቆመችና «ጋሼ፣ እንዴት ያምራል» አለች። አንድ ብሎን በነጻ ሰጥቼ የማላውቅ ሰው፣ ደስ ብሎኝ «የእናንተው ነው» አልኩ። ሰው ዕቃህን ሲያደንቅ እንዲህ ይባላል። ያቀረበችልኝን ወረቀትም ሳላነብ ፈረምኩ፤ ወንድሜን ባከበረች ሴት ፊት ደረሰኝ የሚመረምር ነጋዴ መሆን አሳፈረኝ። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ኮት ለብሼ ሄድኩ። እናቴ አልሄደችም።

ከዚያ እናቴን ግላኮማ ያዛት። ሐኪሙ «የቀረው ዕይታ ብዙ አይቆይም፤ የሄደው አይመለስም» አለን። ቤት እንደገባን «ያን ሥዕል አምጣልኝ፤ ልጄ እንዴት እንዳየኝ ልየው» አለችኝ።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ውጭ አገር ላለ ሙዚየም አውሰነዋል» አለች ኃላፊዋ።

«የኔ እህት፣ ሰው ያዋሳችሁን ለሰው ታውሳላችሁ እንዴ?»

«እርስዎ እኮ ሰጥተውናል። የእናንተው ነው ብለውኝ ፈረሙ።»

«ሱቄ ስትገቢም ቤቱ የእናንተው ነው ብዬሻለሁ፤ ሱቁን ለምን ጭነሽ አልሄድሽም?»

ሳቀች። የእናቴን ነገር ስነግራት ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚያው ዕለት ይመለስልን ብላ ለሙዚየሙ ጻፈች። ሙዚየሙ ሕዝቡ ሥዕሉን ስለወደደው ጊዜው ይራዘምልን ብሎ መለሰ፤ አለቆቿም ተስማሙ። እሷ ማድረግ የቻለችው ፎቶውን ወደ ስልኬ መላክ ብቻ ነበር። እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ቆየችና «የሚታየኝ መብራቱ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያልለመንኩት የለም። ለኃላፊዋ ደወልኩ፣ አለቆቿ በር ላይ ቆምኩ፣ ሥዕሉን ልግዛው አልኩ፤ አይሸጥም አሉኝ። በየጠዋቱ እንጦጦ ወጥቼ ለእናቴ የዓይን ጠብታ እጨምርላትና ጣቶቼን ከፊቷ እዘረጋ ነበር። «ስንት ነው?» መጀመሪያ ሰሞን ትቆጥር ነበር። በኋላ «ተወኝ ልጄ» አለች።

ሥዕሉ ሲመለስ እጇን ይዤ ወሰድኳት። ኃላፊዋ ሥዕሉ ፊት ወንበር አቀረበችላት።

«እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት አድርጎኛል?»

«ቆንጆ ነሽ እማዬ።»

«አትሽጥልኝ። ንገረኝ።»

ሥዕሉን አየሁት። «ደጃፋችን ላይ ተቀምጠሻል» ብቻ አልኳት።

ሥዕሉ የዩኒቨርሲቲው ነው። እናቴ አታይም።