ከድመቷ አፍ የተንጠለጠለው ክር

ልብስ ሰፊው ክር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ታክሲ ውስጥ የማያውቀው ሰው ኮሌታ ላይ እንኳ ብጣሽ ክር ካየ መዞ ሳይጥል አያርፍም። አንዴማ ሌባ መስሎት አንዱ ቡጢ ሊያቀምሰው ምንም አልቀረውም ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ክሩ» ይለዋል፤ እሱም እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ትታለት የሄደችው አንዲት ግራጫ ድመት ብቻ ናት። ባለቤቱ በሕይወት ሳለች «ይቺ ሥራ ፈት» ይላት የነበረ ሰው፣ ዛሬ ምሳውን ይካፈላታል፣ ውሎውን ያወራታል። ድመቷም ከሞተችበት ቤቱ ውስጥ የሚያናግረው ፍጡር የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከለ ሳለ ስልክ ጠራና ዞር አለ። ሲመለስ መርፌው ከነክሩ የለም። ድመቷ ጠረጴዛው ሥር ምራቋን እያዝረበረበች ፊቷን በመዳፏ ትፈትጋለች፤ ከአፏ ጥግ ስንዝር የምታህል ሰማያዊ ክር ተንጠልጥላለች። ሰውየው ክው አለ። ጎንበስ ብሎ ክሯን በሁለት ጣቱ ያዘ።

«አባባ፣ እንዳይስቡት።»

ግድግዳ የምትጋራው ፀጉር ሠሪ ናት። ወደ ደጁ በምትጠርገው ፀጉር የተነሳ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ቢሆንም የተተረተረ ሽርጧን ለሌላ ሰፊ አትሰጥም፣ ያንኑ ሽርጥ ይዛ ነበር የመጣችው።

«ስለ ክር አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ይቺ ጨርቅ አይደለችም። መርፌው የት እንደተሰካ አናውቅም። ክሩም አንጀቷ ገብቶ ከሆነ፣ ሲስቡት እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጣት።»

አልለቅ ሲላት ተጠግታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችው። ወተት ላቅርብላት ሲልም ከለከለችው፤ «ሐኪሙ በማደንዘዣ ሊያስተኛት ይችላል፣ ምንም አትቅመስ» አለችው። ከዚያ እንዳትቧጭር በፎጣ ጠቅልላ፣ ክሩን ሳትቆርጥ ቅርጫት ውስጥ አስገባቻትና ታክሲ ጠራች። ፀጉሯ ገና ግማሹ የተጠቀለለ ደንበኛዋን ወንበር ላይ ትታ ነው አብራው የሄደችው።

የእንስሳት ሐኪሙ ራጁን አሳያቸው፤ መርፌው ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቷል። «ክሩ ተስቦ ቢሆን ኖሮ ጉሮሮዋን በቀደደው ነበር» አለና ድመቷን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።

ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሰው ሳያፍር አለቀሰ። ፀጉር ሠሪዋም አጠገቡ ቆየች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሐኪሙ ወጣ። መርፌው ወጥቷል፤ ድመቷ ደህና ናት፣ ተኝታለች።

ልብስ ሰፊው እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ልጄ፣ እኔ በገዛ እጄ ልገድላት ነበር። አንቺ ይህን ከየት ተማርሽው?»

ባዶ የቀረውን ፎጣ አጣጠፈች።

«እኔም ድመት ነበረችኝ» አለችው። «የሷን ክር ስቤዋለሁ።»