ባለ ሁለት አፉ ዴክ

እኔ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ከዳር የማደርስ ሰው አይደለሁም። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይበርዳል። ስልክ እያወራሁ ቁም ሣጥን አስተካክላለሁ። ሊፍት መጠበቅ አቅቶኝ ስንቴ ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አውሮፕላን ጠጋኝ ነው፤ አንዷን ብሎን አሥር ጊዜ አይቶ ካልጠገበ እጁን አያነሳም።

"አንቺ እኛ ጋ ብትሠሪ ጉድ ይፈላ ነበር" ይለኛል።

"እናንተ ጋ ብሠራማ አውሮፕላኑ ሁሉ በሰዓቱ ይነሳ ነበር።"

"መነሳቱንስ ይነሳል፤ መድረሱ ነው እንጂ።"

እንግዲህ የድሮ ካሴት ወደ ዲስክ የሚገለብጥ ማሽን ገዝታ ቤቷ ያስገባችው ይህችው ሴት ናት። ማሽኑን ያገኘሁት እዚሁ ዐረብ አገር፣ ሙሳፋህ የሚባለው የጋራዥ ሰፈር፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። የሄድኩት ለልብስ ማጠቢያችን ጎማ ፍለጋ ነበር። ከተደረደሩ ማይክሮዌቮች ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ በግራ በኩል ካሴት ይጎርሳል፣ በቀኝ በኩል ዲስክ ይጎርሳል። ያን ጊዜ የሠርጌ ካሴት ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ ማጫወቻ ስለሌለን ልጆቼ አንድም ቀን አላዩትም። ጎማውን ረስቼ ማሽኑን ታቅፌ ተመለስኩ።

ሠርጌን ገለበጥኩት። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው አዩ። ትንሿ ልጄ ፀጉሩ የተንጨበረረውን ሙሽራ አይታ "ማሚ፣ ሁ ኢዝ ዛት?" አለች። አባትሽ ነው ስላት አላመነችኝም። እሱ መላጣውን እያሻሸ ወደ በረንዳ ወጣ።

ከዚያ ወሬው ተዛመተ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንዷ የክርስትና፣ ሌላው የምርቃት፣ ሌላዋ የእህቷን ሠርግ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ያስ ደሴት ካለው ሆቴል ፈረቃዬን ጨርሼ ስመለስ አንዱን ካሴት አስገባለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ሲያልቅ ዲስኩን አወጣለሁ። ምስጋናው ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። "እጅሽ ይባረክ" ሲሉኝ ትከሻዬ ከፍ ይል ነበር።

ማሽኑ አንድ ክፉ አመል አለው። ሁለት አፍ ይኑረው እንጂ መቅረጫው ቀይ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ ዲስኩ ታዞሪዋለሽ፤ የቀኙ መብራት ሲበራ ቀዩን ትጫኛለሽ። ሳታዞሪ ከተጫንሽው ግን ካሴቱ ላይ ይቀርጻል፤ ምንም የሚቀረጽ ነገር ስለሌለም ጨለማ እየቀረጸ ያለውን ያጠፋል። ባለቤቴ ይህን ሲረዳ "መጀመሪያ መብራቱን እዪ!" ብሎ በትልልቁ ጽፎ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፈልኝ። እኔ እቴ! ሁለት ሦስቴ ተሳስቻለሁ፤ ግን የሠርግ ካሴቶች ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ሆን ተብላ ትሰበራለች፤ ያቺ ከሌለች ማሽኑ በላዩ አልቀርጽም ብሎ ካሴቱን መልሶ ይተፋዋል። ከስህተቴ ያዳነኝ እሱ ነበር። እኔ ግን ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

እትዬን ያገኘኋቸው ከቅዳሴ በኋላ ነው። እትዬ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው፤ ወደ ስልሳ ይጠጋሉ። አል ዐይን ከተማ፣ አል ኸቢሲ ሰፈር፣ አንዲት ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ ልጆቹን አሳድገው አሁን ያረጀችውን ማዳም ይጠብቃሉ። በአውቶቡስ ነው የመጡት። ወደ ጥላው ጎትተው ወሰዱኝና ከቦርሳቸው በሻሽ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ።

"ልጄ፣ ይህን ገልብጪልኝ። ግን አደራ፣ አንቺ እንዳትሰሚው። መጀመሪያ እኔ ነኝ መስማት ያለብኝ።"

"እርስዎ እስካሁን አልሰሙትም እንዴ?"

አልሰሙትም። ከደሴ የወጡት ኮምቦልቻ አክስቴን ልጠይቅ ብለው እናታቸውን ዋሽተው ነው። የደወሉት እዚህ ከገቡ በኋላ ነው። እናትየው ስልክ ላይ አልወጣም አሉ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፃቸውን ነሷቸው። ከዚያ ቤተሰቡ ሠርግ የሚያነሳ ቪዲዮ አንሺ ጠርቶ ተሰብስቦ ተቀረጸና ይህ ካሴት በሰው እጅ መጣ። "እማዬ ተናግራለች፣ እይው" ተባሉ። ማዳም ቤት ያለው ዴክ ሳሎን ነው፤ ለሠራተኛ አይነካም። ሲፈቀድላቸው ደግሞ ፈሩ።

"ብትረግመኝስ? የእናት እርግማን ይዤ የሰው ልጅ ላሳድግ?"

ዛሬ ነገ ሲሉ እናትየው ሞቱ። እሱንም የሰሙት በሦስተኛው ወር ነው፤ በየሳምንቱ ሲደውሉ "ደህና ናት፣ ተኝታ ነው፣ ጠበል ሄዳለች" ይሏቸው ነበር።

"ወንድሞችዎን ቢጠይቋቸውስ፣ ምን ብለው እንደነበረ?"

"መርቃሻለች ይሉኛል። ታዲያ ሌላ ምን ይበሉኝ? ሰው አገር ላለ ሰው እውነት ይነገራል?" አሉና ካሴቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "ኸላስ፣ በቃኝ፣ ልገባ ነው ልጄ። በሦስት ሳምንት አገሬ እገባለሁ። መቃብሯ ላይ ስቆም ማን ሆኜ እንደምቆም ልወቅ።"

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለፈረቃዬ አርባ ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ሽሮው ምድጃ ላይ ነው፣ ትልቁ ልጄ "ማሚ፣ ዘ ዋይፋይ ኢዝ ዳውን!" እያለ ይጮሃል። ካሴቱን አጉርሼ ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩት። አልሰማም ብያለሁና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ቀዩን ተጭኜ ወደ ኩሽና ሮጥኩ።

ስመለስ የግራው መብራት ቦግ ብሎ አየሁት።

ቆሌዬ ተገፈፈ። የማሽኑን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፣ ካሴቱን አወጣሁት። ጀርባው ላይ ያቺ የምታድነኝ ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ ክፍተቱ ላይ ግን ፕላስተር ተለጥፎበታል። እንዴት ረሳሁት! አገር ቤት አዲስ ካሴት ካልተገኘ ያለቀለት የፊልም ካሴት ተወስዶ፣ ቀዳዳው በፕላስተር ተደፍኖ፣ በላዩ ይቀረጽ ነበር። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ገልብጬ ማየት ነበረብኝ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ከመጀመሪያው አጫወትኩት። ጨለማ። ድምፅ የለም። ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት ደቂቃ። ዘጠኝ ላይ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ የሰው ሁካታ ብቅ አለ፣ ከዚያ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ "እንግዲህ እናታችን ተናግራለች፤ ከእሷ በኋላ እኔ ምን እላለሁ" ሲል አጠፋሁት። ሽሮው አርሯል። ሥራ ስልክ ደውዬ አሞኛል አልኩ፤ ውሸትም አልነበረም።

ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። ቪዲዮ አንሺው ካሜራውን መጀመሪያ የሚያዞረው ወደ እናት ነው። ሌላ ማንም ቢጠፋ፣ ወንድምየው፣ እህትየው፣ የጎረቤቱ ሰላምታ ሁሉ ቢጠፋ ባልከፋ። እኔ ያጠፋሁት የሚፈለጉትን ብቻ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። አልገሠጸኝም፤ ቢገሥጸኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ "ካሴቱ አርጅቷል በያቸው" አለ። "ሃያ ዓመት የአል ዐይን ሙቀት ላይ ተቀምጦ ምን ይተርፋል? ያምኑሻል።"

እንደሚያምኑኝ አውቃለሁ፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ያቺን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። እንግዳ የጠየቀኝን እረሳለሁ፣ ፍሪጅ ከፍቼ ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞተር ሳላስነሳ ሩብ ሰዓት ያልፋል። እትዬ ሁለቴ ደወሉ። "ልጄ፣ ደረሰ?" "ሥራ በዝቶብኝ ነው እትዬ።" ስልኩን ስዘጋ ራሴን ሰማሁት፤ ደህና ናት፣ ተኝታ ነው፣ ጠበል ሄዳለች ሲሏቸው እንደነበሩት ሰዎች ነው የማወራው። ለእርስዎ ብለን ነው እየተባሉ ሃያ ዓመት የተዋሹ ሴት ናቸው። እኔም ልጨመርበት?

እሑድ ጠዋት ማሽኑን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ወደ አል ዐይን ነዳሁ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ አሸዋና የግመል አጥር። ስንት ጊዜ ልመለስ አሰብኩ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ራዳር ሁለቴ ብልጭ አለብኝ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጓሮ፣ ከቴምር ዛፉ ሥር ያለች ክፍላቸው አስገቡኝ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ታስሮ ቆሟል። ልጆቹ የጣሉት ሆዱ ወፍራም ቴሌቪዥን ጥግ ላይ አለ። "ቁጭ በይ፣ ውሃ ላምጣልሽ" ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። ማሽኑን እንደታቀፍኩ፣ ቆሜ፣ ተናገርኩት።

"እትዬ፣ አጥፍቼዋለሁ። መጀመሪያውን። ቸኩዬ የማይነካ ቁልፍ ነክቼ ነው። ካሴቱ ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ።"

አዩኝ። "ስንት ነው ያጠፋሽው?"

"ዘጠኝ ደቂቃ።"

ማን እንደነበረበት አልጠየቁኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሃያ ዓመት" አሉ። "ሃያ ዓመት ፈርቼ አስቀምጬው፣ አንቺ ዘጠኝ ደቂቃ አጠገቡ መቆም አቃተሽ!"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። አላነሱኝም። ቆይተው ቆይተው "ተነሺ፣ ማዳም ተኝታለች" አሉ። "የቀረውን አሳዪኝ።"

ሽቦውን ሰካሁ። ጨለማውን እንዳያዩት ወደ ፊት አሳልፌ፣ ምስሉ የሚመለስበት ላይ ለቀቅኩት። ምስሉ ተንቀጠቀጠ። ያ እኔ ሁካታ ነው ያልኩት ድምፅ ወጣ። ሁካታ አልነበረም። ሰው የሞላበት ቤት ባንድ አፍ "አሜን!" ሲል ነው። ወዲያው ወንድምየው መናገር ጀመረ።

"ቆይ!" አሉ እትዬ። "መልሺው።"

መለስኩት። አሜን!

"መልሺው።"

አሜን!

"ታናሼ አለችበት፤ ድምጿ ነው፣ ከሁሉ ትረዝማለች" አሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። "ልጄ፣ ለእርግማን አሜን የሚል ወንድም የለኝም። ይህን እኔን ለማጽናናት አላሉትም። ለእሷ ነው ያሉት። እዚያው፣ አፏ ሥር ሆነው።"

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ነጠላቸውን ከሻንጣው ኪስ አውጥተው ራሳቸው ላይ ጣሉና ወለሉ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከኩ።

"አሁን ከመጀመሪያው አድርጊው።"

"እትዬ፣ መጀመሪያው ባዶ ነው።"

"አውቃለሁ። ከመጀመሪያው።"

እስከ ጫፉ አጠንጥኜ ለቀቅኩት። ጥቁር ሆነ። እትዬ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሰው እየመረቃቸው እንዳለ ሁሉ ጠበቁ። አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የማዳም ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ሲንጎራጎር ይሰማል። እኔም አጠገባቸው ተንበረከኩ። ስልኬ ጠራ፤ አላየሁትም። ሰዓቴንም አላየሁም። ጉልበቴ ደነዘዘ፣ አልተነሳሁም፤ ዘጠኙን ደቂቃ እስከ መጨረሻው ቁጭ አልኩላቸው።

ምስሉ ሲንቀጠቀጥ እትዬ ቀና አሉ። ቤቱ ሁሉ አሜን ሲል እሳቸውም አብረው አሜን አሉ።