ከነጠርዙ ይታተም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሙሉጌታ በእጄ ያስያዙኝ ካሜራ ሳይሆን ሁለት ጀሪካን ነበር። ፎቶ ቤታቸው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ትንሽ ወረድ ይላል። እኔ ፎቶ አንሺ ልሆን የተቀጠርኩ መስሎኝ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ መጥቻለሁ። «ፎቶ የሚታጠበው በውሃ ነው፤ ሐረር ውስጥ ደግሞ ውሃ አይፈስም፣ ይለመናል» አሉኝ። መንግሥት ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቧንቧው ግን በድሮ አቋሙ እንደጸና ነው።

በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ እንደ ጦር ሠራዊት ማዕረግ ነበረ። ከላይ ጋሽ ሙሉጌታ፣ «ፎቶግራፈሩ»። ከሥራቸው ጨለማ ክፍል የሚገባው አጣቢ። ከአጣቢው ሥር በመቀስ የሚያስተካክለው ቆራጭ። ከሁሉም ሥር እኔ፣ ውሃ ቀጂው ደምሴ። ቆራጩ «እዚያ አስቀምጠው» ከማለት በቀር አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ከጀሪካን ወደ መቀስ፣ ከመቀስ ወደ ጨለማ ክፍል ለመድረስ አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖልና ሦስት ሳህን አለ። ወረቀቱ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ይገባል፤ ፊት ብቅ ይላል። ከዚያ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። ደንቡ ለግማሽ ሰዓት በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው። እኛ ግን በአንድ ባልዲ የሃምሳ ሰው ፎቶ እናጥብ ነበር። ፎቶው በዓመቱ ቢጫ ይሆናል። ደንበኛ ይዞት ሲመጣ ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩትና ጥሩ ፎቶ ሲቆይ ወርቅማ እንደሚሆን ያስረዱታል። አምኖ የሚሄድም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሙሉጌታ አዲስ አበባ ሄደው ዲጂታል ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዘው ተመለሱ። ጀሪካኖቹን ራሳቸው አውጥተው ሸጡ። በሩ ላይ «ዲጂታል ፎቶ በአምስት ደቂቃ» ተብሎ ተጻፈ። አምስቱ ደቂቃ የሚቆጠረው መብራት ሲመጣ መሆኑ አልተጻፈም።

የፕሪንተሩ ቀለም ውድ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሙሉጌታ ባዶውን ካርትሪጅ ከየት እንዳመጡት በማይታወቅ ቀለም በመርፌ ይሞሉት ጀመር። ስሪንጅ ይዘው ሲወጡ ያየ ደንበኛ ክሊኒክ የገባ ይመስለዋል። ቀዩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ቢጫው ሲያልቅ ሰማያዊ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አራት አረንጓዴ ጉርድ ፎቶ ተቀብሎ ምነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ለመታወቂያ እንጂ ለሠርግ አይደለም ተብሎ ተሸኘ።

እነዚያ ፎቶዎች ዕድሜ አልነበራቸውም። አንድ መምህር የሴት ልጁን የምረቃ ፎቶ ከመስኮት ፊት ለፊት ሰቅሎት፣ በዓመቱ ጋውኑ ቀርቶ ፊቷ ጠፋ። ከፀሐይ አርቀው ተባለ። የሌላዋ ደግሞ በክረምት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ተላጠ። ከእርጥበት አርቂው ተባለች። «እንግዲያው ሳጥን ውስጥ ልቆልፈው?» ብትል፣ ጋሽ ሙሉጌታ ሳጥን በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አሏት።

እኔ መፍትሔውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የታመመች እህቴን ልጠይቅ ድሬዳዋ ወርጄ አንድ ላብ የሚሉት የፎቶ ማተሚያ ቤት አየሁ። ማሽኑ ቀለም አይረጭም፤ እውነተኛውን የፎቶ ወረቀት በብርሃን አትሞ በኬሚካል ያጥባል። የምታሠራው ሰብለ የምትባል ወሬ የማታበዛ ሴት ነበረች። ልዩነቱን ስጠይቃት አንድ ፎቶ አነሳችና ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረችው። አውጥታ በሻርፕዋ ጫፍ ጠረገችው። ምንም አልሆነም። የኛማ ቢነከር ውሃው ሻይ ይሆናል አልኳት። የአንዱን ዋጋ ስትነግረኝ ደግሞ እኛ ከምናስከፍለው ከግማሽ በታች ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታን ለማሳመን አንድ ሳምንት ፈጀ። ለፎቶ ድሬዳዋ ድረስ መሄድ እብደት ነው አሉ። ማንም አይሄድም፣ ፎቶውን የገለበጥንበትን ፍላሽ በፖስታ አድርገን ለሚኒባስ ሹፌር እንሰጠዋለን፣ ማታ ታትሞ ይመጣል አልኳቸው። በሳምንቱ በሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ ተሰቀለ፦ «በራሳችን ላብ የታተመ»። ላባችን የት ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ድሬዳዋ የራሳችን አገር አይደለችም ወይ ብለው መለሱልኝ።

ሙያውን ያስተማረችኝ ሰብለ ናት፣ እሷም በየጊዜው በስልክ እየተቆጣች። መጀመሪያ የላክሁላት ሁሉ ጠቁሮ መጣ። የኮምፒውተራችሁን ስክሪን ብርሃን ቀንሱት አለች፤ ከአጠገቡ አንድ የታተመ ፎቶ ያዝና ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ቀንስ። እውነትም ስክሪናችን እንደ ኳስ ሜዳ መብራት እየበራ የጨለመውን ፎቶ ብሩህ አስመስሎ ያሳየን ነበር። ቀጥሎ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ ፎቶ አትላክልኝ አለች። በየዞረበት እየተጨመቀ ስለሚያንስ፣ በወረቀት ሲሰፋ እንደ ጭቃ ይሆናል። ከካሜራው ካርድ በቀጥታ የወጣውን ፋይል አምጣ። ብዙ ከመላክህ በፊትም አንዱን በትንሹ አሳትመህ እይ።

ሦስተኛው የጠርዝ ነገር ነው። የካሜራችን ምስል ቁመትና ወርዱ ይቀራረባል፤ አሥር በአሥራ አምስት የሚባለው ወረቀት ግን ወደ ጎን ረዘም ይላል። ምስሉ ወረቀቱን ይሙላው ካልክ ማሽኑ ከላይና ከታች ይቆርጣል። ምስሉ ሙሉ ይሁን ካልክ ግራና ቀኝ ነጭ ጠርዝ ይቀራል። ሌላ ምርጫ የለም።

የሐረር ሰው ነጭ ጠርዝ አይወድም። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጥ አንድ ደንበኛችን የልጆቹን ፎቶ አገላብጦ አይቶ፣ የከፈልኩት ለሙሉ ወረቀት ነው፣ ነጩ ላይ የነበረውን ማን ወሰደው አለኝ። እኔ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቆሜ አስረዳለሁ። ሰባኪ ነበር የምመስለው። ጋሽ ሙሉጌታ በዚህ ይስቁብኝ ነበር፣ እኔም ከሳቸው የተሻልኩ ባለሙያ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። ይህን ስሜት አስታውሱልኝ፤ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ።

ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ አይ ራሕማ የሚባሉ ሴት ነበሩ። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ይላቸዋል፤ ለሽማግሌ ወንድ ደግሞ «አው» ይባላል። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ፎቶ እንድናነሳ ጠሩን። በሐረሪ ቤት ውስጥ መቀመጫው ነደባ ይባላል፤ ከግድግዳው ጋር እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ መደብ ነው። የቤቱ ታላላቆች ከፍ ባለው ይቀመጣሉ፤ ወጣቱ ዝቅ ባለው፤ ልጆች ወለሉ ላይ። ማን ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ በዓይንህ ታውቃለህ።

ከላይኛው ላይ የተቀመጡት የአይ ራሕማ አባት አው ዩስፍ ነበሩ፤ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ። ምስል አይወዱም። ከተማው ሁሉ ስለሚያውቃቸው መታወቂያ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ካሜራው ሲወጣ ሊነሱ ሲሉ ሙሽራዋ የልጅ ልጃቸው እግራቸውን ይዛ ለመነቻቸው። «አንድ ብቻ» አሉ። ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ጊዜ ብቻ አነሱ። በካሜራው ጥፍር በምታህል መስኮት አይተው፣ ተዋጥቶልናል አሉ። አው ዩስፍ ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ።

የሙሽራዋ ወንድም ናስር ሊያሳትም የመጣው በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። ገና ስለ ጠርዙ አፌን ስከፍት፣ ነጭ አልፈልግም አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሩብ ሰዓቴን ቆሜ እከራከረው ነበር። ግን ሰዓቱ የጫት ሰዓት ነው፤ እሱን ጓደኞቹ ይጠብቁታል፣ እኔንም ጓደኞቼ። ሦስት መቶ የሚሆነውን ፎቶ በሙሉ ወደ ፍላሹ ገለበጥኩና የትእዛዙ ወረቀት ላይ «ይሙላ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ታትሞ ሲመጣም አልበሙን ሳልገልጥ አስረከብኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አው ዩስፍ አረፉ። በአራተኛው ቀን አይ ራሕማ አልበሙን በሻሽ ጠቅልለው መጡ። የአባታቸውን ፊት ብቻ ትልቅ አድርጌ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝና ገጹን ገለጡት። ከታች ልጆቹ አሉ፤ መካከል ሙሽራዋ አለች። ከላይ ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ከአፍንጫቸው በላይ የሉም። ማሽኑ ከላይ ሲቆርጥ የቆረጠው የቤቱን ታላላቆች ነው። አው ዩስፍ ነጭ ጢማቸውና ምርኩዝ የያዙ እጆቻቸው ብቻ ቀርተዋል።

«እኛም ያየነው አሁን ነው፤ ሁሉም ሙሽራዋን ነበር የሚያየው» አሉኝ። «ዋናው እናንተ ጋ አለ አይደል?»

አለ አልኳቸው። ያን ጊዜ ማፈር እንኳ አልጀመርኩም፤ ፈርቼ ነበር።

ዋናው አልነበረም። ጋሽ ሙሉጌታ ሥራ ባለቀ ቁጥር ካርዱን ይደመስሳሉ፤ አዲስ ካርድ መግዛት ብክነት ነው። ከኮምፒውተሩም ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የሁለት ወሩን ሠርግ ሁሉ አጥፍተዋል። ከሕንድ ፊልሞቻቸው ግን አንዱም አልተነካ። ፍላሹ ላይ የሌላ ሰው ልደት ተገልብጦበታል። ጉዳዩን ስነግራቸው አልበሙን አዩና «ጢማቸው እኮ ግልጽ ነው» አሉ። ተናድጄ ወጣሁ። በመንገዴ ላይ ሳስበው ግን «ይሙላ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ድሬዳዋ ወረድኩ። ሰብለ የመጣላትን ፋይል የምታቆየው ማሽኑ እስኪሞላ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። በማን ስም እንደላክሁት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ስትከፍት ከኋላዋ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደረስኩ። አገኘችው። ምስሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ጥምጥማቸው አለ፣ ግንባራቸው አለ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ሰብለ ፊታቸውን አሰፋችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ጨፍነዋል» አለች። «ሌላ የለህም?»

ሌላ የለኝም። ሃያ በሠላሳ ላይ፣ ከነነጭ ጠርዙ፣ ምንም ሳይነካ አትማ ሰጠችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ሐረር እስክደርስ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አሰብኩ።

ጋሽ ሙሉጌታ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ይሄማ ቀላል ነው፣ በኮምፒውተር ዓይን እንከፍትላቸዋለን አሉ። ከማን ዓይን ብላቸው፣ አጠገባቸው ካሉት ሽማግሌ እንዋሳለን፣ እሳቸው ሁለቱንም በደንብ ከፍተዋል አሉኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የሁለት ሰው ዓይን እንዲያ አድርገው ከፍተዋል፣ ደንበኞቹም አመስግነዋቸዋል። ከውሃ ቀጂነቴ ጀምሮ እንቢ ብያቸው አላውቅም ነበር።

«አይሆንም፣ እንዳለ ነው የምሰጣቸው» አልኩ።

«እንግዲያው አንተው ሂድና ንገራቸው» አሉኝ።

ሄድኩ። ሴቶቹ ከሐዘንተኛዋ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ለአይ ራሕማ ሰጠሁና ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ሳላይ መላኬን፣ ዓይናቸውም እንደተጨፈነና ሌላ እንደሌለ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ብዙ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ቀና ስል ግን እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር።

«ወላሂ አደረጉት» አሉ ለሴቶቹ። «ያን ቀን ከተነሱ በኋላ ጠርቼ ‹አባቴ፣ ምነው እሺ አሉ?› ብላቸው፣ ‹ልጅቷን አላሳዝንም ብዬ ነው፤ እኔ ግን አላየሁትም› አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አላህ ይርሐማቸው።»

ፎቶው ከሴት ወደ ሴት ዞረ፤ ሁሉም እያዩ ሳቁ፣ ሁሉም አለቀሱ። የተዋስነውን ዓይን ይዤ ብመጣ ኖሮ እኚያ ሰው በራሳቸው ቤት እንግዳ ይሆኑ ነበር። 

በኋላ የገባው ናስር ጠርዙን በጣቱ ነካ አደረገና ነጩን ቆርጠን እንስቀለው ወይ ብሎ እናቱን ጠየቀ።

«ማንም እንዳይነካው» አሉ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ምስል ከፍታችሁ እዩ። ሙሉውን አሳትሙ። ዋናውን ፋይል አትደምስሱ፤ ቦታ ከጠበበ የሕንድ ፊልሙን አጥፉ። ርካሽ ፎቶ ማለት ሳይበላሽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታተም ፎቶ ነው፤ በነጭ ጠርዝ ደግሞ የሞተ ሰው የለም።