ወዛሙ ቀይ አፈር

ከጦርነቱ ሸሽተን ከርመን ስንመለስ ሐይቁ ዳር ያለችው ማሳችን ምሽግ ተቆፍሮባት ጠበቀችን። ማን እንደቆፈረው መጠየቅ ሰልችቶኛል፤ የሚቆፍር ሁሉ መድፈን አያውቅም። እኔ ከአረብ አገር የተመለስኩት ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ነበር። "ሁለተኛ የሰው ቤት አልጠርግም፣ አርሼ እበላለሁ" ብዬ ምያለሁ። ያለችን ደግሞ ያችው ማሳ ናት።

ጎረቤቱ ምሽጉን ሊደፍንልን ደቦ ወጣ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ቀይ ነው፤ ጓሉን ሲሰብሩት ቅቤ እንደተቀባ ፊት ያብለጨልጫል። የማሳው ጥቁር አፈር ከሱ አጠገብ አመድ መሰለኝ።

"ጥቁሩን እየገፈፋችሁ ጉድጓዱን ሙሉበት። ይሄን ወዛሙን ከላይ በትኑት" አልኩ።

አባቴ "ልጄ፣ የታች አፈር እኮ..." ብሎ ሲጀምር ሰው ፊት አቋረጥኩት።

"ተወኝ አባ! በናንተ እርሻ ማን ጠገበ?"

አካፋውን አንስቶ ከሰዎቹ ጋር ጥቁሩን መግፈፍ ጀመረ። ጎረቤቶቹም "ወላሂ ጎበዝ ናት!" እያሉ ለዙህር ሶላት ሥራውን ጨረሱት።

የዘራሁት በቆሎ ጉልበቴ ጋ ሳይደርስ ቅጠሉ ሐምራዊ ሆኖ ቀጨጨ። ማዳበሪያ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ፣ ምንም የለም። የግብርና ባለሙያው በባጃጅ ብቅ ያለው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ጫማው እንዳይቆሽሽ ወሰኑ ላይ ቆሞ። አንድ ጓል አስነስቶኝ ሰበረው።

"የሚያብለጨልጨው ሸክላ ነው እህቴ። ለዘመናት ዝናቡ ደቃቁን እያጠበ ወደ ታች አወረደው፣ ጓሉን እንደ ልስን ሸፈነው። ሥር እንደልቡ አይገባም፤ ውስጥ ያለው ምግብ እዚያው ይቀራል። የጨመርሽውንም ማዳበሪያ ሸክላው ይዞ አይለቅልሽም።"

ሳልዘራ የት ነበርክ ልለው ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ጥቁሩን ያስቀበርኩት እኔው ነኝ።

ባለሙያው እንደሄደ አባቴን ከበረቱ ደጃፍ አገኘሁት።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቃለሁ እንጂ።"

"ታዲያ አንዴ ስላቋረጥኩህ እንዴት ዝም ትላለህ?"

"ሰው ፊት ባሳፍርሽ ሻንጣሽን አንስተሽ አረብ አገር ትመለሻለሽ ብዬ ፈራሁ። መሬቱ በፍግም በምኑም ኢንሻአላህ ይመለሳል" አለ።

ልጄ አትሂድብኝ ብሎ የዓመት እህሉን ዓይኑ እያየ ባስቀበረ ሽማግሌ ላይ እንዴት ይጮኻል? እኔ ግን ጮህኩበት።