ከአርባው በኋላ

መስኡዳ ልብስ ገመድ ላይ አታሰጣም። ሰፈሯ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ያጠበችውን ሁሉ አጥርና ቁጥቋጦ ላይ ትዘረጋዋለች። «ስድስት ዓመት ጅዳ ተቀምጣ ገመድ መወጠር ሳትማር መጣች» እያሉ ይስቁባታል። አብራ ትስቃለች። ምክንያቱን ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ ስትሠራ ማዳሟ ወለደች። እዚያም እንደኛ አገር አርባ ቀን ይጠበቃል፤ እናትና እህት፣ አክስትና ጎረቤት ቤቱን ሞልተው አራሷን ለብቻዋ አይተዉአትም። አርባው ሲሞላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በማግስቱ ማዳም ኩሽና ድረስ መጥታ፣ «መስኡዳ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። ማዘዝ እንጂ መለመን የማታውቅ ሴት ያን ቀን ድምጿ የልመና ነበር። መስኡዳም፣ አርባዋን ጨርሳለች፣ እንግዲህ ምን ያገኛታል ብላ፣ «ይህችን ልብስ ላስጣና እመጣለሁ» አለቻት። ሰገነቱ ገመድ ላይ አስጥታ ስትወርድ ሕፃኑ ብቻውን ያለቅሳል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ማዳምን ከፎቁ ሥር ነው ያነሷት።

ለውጥ መጣ በተባለ ዓመት፣ በ2010፣ ከጅዳ ከተባረሩት ጋር አገሯ ገባች። ለቅሶውም አብሯት ገባ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሕፃን በሌለበት ትሰማዋለች፤ ገመድ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያየች ቀን ይብስባታል።

በ2014 መስከረም የወንድሟ የሙሐዲን ሚስት ሀያ ወለደች። ሀያ ራሷ ከጅዳ እርጉዝ ሆና የተመለሰች ናት፤ ሙሐዲን እዚያው ቀርቷል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ልጁን ስታጠባው እንኳ አታየውም። አሮጊቶቹ ጅን ነው አሉ። ታዲያ ከጅን እንዲጠብቃት ያኖሩት ቢላዋ ከራስጌዋ አልተነሳ፣ ዱዓው አልተጓደለ፣ ጅኑ በየት በኩል ገባ?

ጅን ሳይሆን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ መሆኑን የነገረቻቸው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሱረያ ናት። ጅዳ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ዑምኩልሱም የምትባል የዚሁ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነርስ አለች፤ ሁለቱ ከስደት የሚመለሱ እናቶችን በስልክ ይረካከባሉ። «ይህች ልጅ እዚህም ሳለች ሆድ ይብሳት ነበር፤ ከወለደች በኋላ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ» ብላ ዑምኩልሱም አስቀድማ ልካ ነበር። በየሐሙሱ ሱረያ ስልኩን የሀያ ትራስ ላይ ታደርግላታለች፤ ሦስቱ ያወራሉ። ኪኒንም ተጀመረላት። ለመስኡዳ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሀያን የምትጠይቃት ጥያቄ ሰጧት፦ «ራስሽን ልጎዳ ብለሽ አስበሻል ወይ?»

«ኧረ ይሄ ሟርት ነው» አለች መስኡዳ።

«ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም፤ የደበቀችውን ያወጣዋል እንጂ» አለች ዑምኩልሱም ከጅዳ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አብሽሪ፣ ጠይቂያት። አርባ ሞላ ብለሽም እንዳትተያት። እስክትድን ነው።»

መስኡዳ ማዳሟን አሰበች። ይህን አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግራት ኖሮ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። መብራትም ስልክም ጠፋ። ሱረያ የሁለት ወር ኪኒን ሰጥታቸው ከተሰደደው ሰው ጋር ሄደች። ሀያ አርባዋን የሞላችው በዚያው ሳምንት ነው። ጎረቤታቸው ሙሚና ጓዟን ጭና መጣችና ቢላዋውን ከራስጌው አንስታ፣ «አርባው ሞልቷል እኮ፣ ተነሱ እንሂድ» አለች። ሀያ ከመደቡ አልተነሳችም።

«እናንተ ሂዱ» አለች መስኡዳ።

ሰፈሩ ጭር ሲል ጥያቄዋን ጠየቀች። ሀያ ግድግዳውን እያየች፣ «አዎ» አለች። «ሐይቁ እኮ ቅርብ ነው።»

ሐይቁ ከደጃፋቸው ሆነው የሚያዩት ነው። መስኡዳ በሩን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ልጁን አዝላ፣ ሀያን እጇን ይዛ ነው የምትወጣው። የሕፃኑ ጨርቅ ጥግ ላይ ተከመረ። ይከመር አለች። ውጭ ሲተኮስ ሁለቱም ልጁ ላይ ይደፋሉ፤ ሲነጋ ያቺው ጥያቄ። አዎ። አዎ። አንዳንድ ቀን ዝምታ ብቻ። መስኡዳ ከከባድ መሣሪያው ይልቅ ያቺን አዎ ፈራች።

በኅዳር አንድ ጠዋት ሀያ ልጁን ትክ ብላ አየችውና፣ «ዛሬስ አላሰብኩም» አለች። ቆየት ብላ፣ «አፍንጫው የሙሐዲን ነው» አለች። መስኡዳ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ታኅሣሥ ላይ ስልክ ተመለሰ። ዑምኩልሱም ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ሀያ አለች?» አለች።

«አለች፤ አልሐምዱሊላህ» አለች መስኡዳ። ሀያ ግቢው ውስጥ ያን የጨርቅ ክምር እያጠበች ነበር።

ስልኩን ዘግታ ልጁን ታቅፋ ስትወጣ፣ ሀያ ከበሩ እስከ ዛፉ ገመድ ወጥራ ጨርቁን አስጥታዋለች። መስኡዳ ደርቃ ቀረች። ሕፃን ያለቅሳል። ልጁ ግን ደረቷ ላይ እንደተኛ ነው።

ሀያ አየቻት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ አንቺስ?» አለቻት። «ራስሽን ልጎዳ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃትም። «አዎ» አለች መስኡዳ።

ሀያ የቀረውን ልብስ ሳፋው ውስጥ ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።